የትንሿ አውሮፕላን ማርሚታ ለምን እንደ ባጃጅ አይበየድም?

የባጃጅ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ሲቀደድ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ባሕር ዳር የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ባጃጁ ገና ጥጉን ሳይዞር ድምፁ ቀድሞ ይደርሳል። ባለቤቱ ጋራዥ ይወስደዋል፣ ልጁ ብየዳውን ይለኩሳል፣ ቁራጭ ላሜራ ይለጥፍበታል፣ አለቀ። ብየዳው በሳምንቱ ቢለቅ እንኳ ጭሱ የሚሄደው ወደ አየር ነው። ሹፌሩም ተሳፋሪውም ነፋስ ላይ ናቸው።

ሰሞኑን ጋራዥ ያለው አጎቴ፣ "አንተ ልጅ፣ እናንተ አውሮፕላን ቤት ያላችሁ ሰዎች ስታካብዱ አይጣል ነው! አንዲት ማርሚታ አውልቃችሁ በመስታወት ስትመረምሩ ትውላላችሁ። ለኔ ብታመጧት በግማሽ ሰዓት በይጄ እሸኛችኋለሁ" አለኝ። ሳቅሁ እንጂ የሚያሳምን መልስ እዚያው አልሰጠሁትም። መልሱ ረዘም ይላል፣ ጎጃም ላይ ሆኖ ሲታይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ስለዚህ ተረጋግቼ ልጻፈው።

መጀመሪያ ስለ የትኛዋ አውሮፕላን እንደማወራ ልናገር። ባሕር ዳር ኤርፖርት በየቀኑ የምታዩዋቸው የአየር መንገዱ ኪው400ም ሆኑ ቦይንጎች ከዚህ ወሬ ውጭ ናቸው። የእነሱ ሞተር ተርባይን ነው፤ ካቢናቸው የሚሞቀውም ከጭስ ማውጫ ጋር በማይገናኝ መንገድ ነው። እኔ የማወራው እንደ ሴስና 172 እና 182፣ እንደ ፓይፐር ስላሉት ትንንሾቹ ነው። አራት ወይም ስድስት ሲሊንደር፣ አንድ ፕሮፔለር፣ በቤንዚን የሚሠራ ፒስተን ሞተር። ብዙ ጊዜ ሞተሩ ላይካሚንግ ወይም ኮንቲኔንታል ነው። በውሃ ሳይሆን በአየር ይቀዘቅዛል፣ ራዲያተር የለውም። መኪና የሚፈታ ሰው ኮፋኖውን ቢከፍተው ፒስተኑም፣ ካንዴላውም፣ ካርቡራቶሬውም አያደናግሩትም። የሚያደናግረው የጭስ ማውጫው ሥራ ነው።

መኪና ካቢኑን የሚያሞቀው በራዲያተሩ ሙቅ ውሃ ነው። ይቺ አውሮፕላን ግን ሙቅ ውሃ የላትም። ታዲያ ሙቀቱን ከየት ታምጣ? ያላት ትኩስ ነገር ማርሚታው ነው። ስለዚህ ማርሚታው ላይ ሌላ ላሜራ ይጠመጠምበታል፤ በሁለቱ መካከል ክፍተት ይተዋል። ከውጭ የሚገባው ቀዝቃዛ አየር በዚያ ክፍተት ውስጥ ሲያልፍ የማርሚታውን ገላ እየላሰ ይሞቃል፣ ከዚያ በተጣጣፊ ቱቦ ቀጥ ብሎ ወደ ካቢን ይገባል። አብራሪው ሙቀት ሲፈልግ የሚስበው ዘንግ የሚከፍተው ይህንኑ መንገድ ነው።

እንግዲህ አስቡት። አንተ በምትተነፍሰው አየርና ከሲሊንደር በወጣው ጭስ መካከል ያለው ነገር አንድ የስቴንለስ ላሜራ ብቻ ነው። ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ። እሱ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ጭሱ ወደ ውጭ አይሄድም፣ ወደ አንተ ነው የሚመጣው። ድምፅ የለውም። ባጃጁ ቢያንስ ይጮኻል።

ጭሱ ውስጥ ካሉት ነገሮች የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህን ደግሞ ጎጃም ውስጥ ለማንም ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። በክረምት ደብረ ማርቆስ ላይ በር ዘግቶ፣ ከሰል አስገብቶ የተኛ ቤተሰብ ጠዋት ሲንኳኳበት ሳይከፍት የቀረበትን ወሬ ያልሰማ ሰው አለ? ያው ጋዝ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አይቆጠቁጥ። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ይልቅ ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል፤ አንዴ ቦታ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። ንጹሕ አየር ላይ ወጥተህ እንኳ ግማሹ ከደምህ እስኪወጣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። በእርግጥ የሞተር ጭስ ሌሎች የሚሸቱ ነገሮችም ስላሉበት፣ ካቢን ውስጥ የጭስ ሽታ ከሸተተህ ሞኖክሳይዱም አብሮ አለ ብለህ ቁረጥ። ሳይሸትህ ሲቀር ግን የለም ማለት አይደለም።

የአገራችን ከፍታ ነገሩን የባሰ ያደርገዋል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 በላይ፣ የጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ያልፋል። ባሕር ዳር ላይ ገና መሬት ላይ ቆመን የምንስበው ኦክስጅን ከወደብ ከተማ ሰው በአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ያንሳል፤ ደብረ ማርቆስ በሩብ፣ የጮቄ አናት ከፍታ ላይ በ40 በመቶ ገደማ። ሳንባው እንደዚህ የሳሳ አየር እየሳበ ያለ አብራሪ ደሙ ውስጥ ትንሽ ሞኖክሳይድ ሲጨመርበት፣ ባሕር ጠረፍ ላይ የሚበር ጓደኛው ምንም በማይሰማው መጠን እሱ ይደነዝዛል። ለነገሩ ሴስና 172 ጮቄን በአናቱ ለመዝለል ብዙም አቅም የላትም፣ የከፍታ ጣሪያዋ እንደ ሞዴሉ 4,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ዞራ ነው የምታልፈው። ግን ዞራም ቢሆን ከፍ ብላ ነው። ከፍታ ላይ ደግሞ ይበርዳል። የታኅሣሥ ጠዋት ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ሺህ ምናምን ሜትር የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? የሙቀቱን ዘንግ መሳብ።

ሌላም አለ። በሳሳ አየር ላይ ነዳጁን በአሮጌው ልክ ከለቀቅኸው ቤንዚን ይበዛል፣ አየር ያንሳል። በደንብ ያልነደደ ቤንዚን ደግሞ ሞኖክሳይዱ ብዙ ነው። ለዚህ ነው በእንዲህ ያለ ከፍታ አብራሪዎች የነዳጁን ድብልቅ የሚያሳንሱት። ለጉልበትም ነው፣ ለካንዴላውም ነው፣ ግን ለዚህም ይበጃል።

ወሬው ሩቅ ለመሰለው፣ ኳስ የሚወድ ሁሉ የሚያውቀውን ሰው ላንሳ። ኤሚሊያኖ ሳላ። ከፈረንሳዩ ናንት ወደ ካርዲፍ ሲቲ የተዛወረው አርጀንቲናዊ አጥቂ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 2019 ማታ ከናንት ወደ ካርዲፍ ሲሄድ የተሳፈረባት ፓይፐር ማሊቡ የእንግሊዝ ቻናል ውስጥ ወደቀች። አንድ ፒስተን ሞተር ያላት፣ ልክ የምናወራላት ዓይነት። የእንግሊዝ የአየር አደጋ መርማሪዎች የሳላን ደም ሲመረምሩ ከሄሞግሎቢኑ 58 በመቶው በሞኖክሳይድ ተይዞ አገኙት። እዚህ ደረጃ ላይ ሰው ራሱን አያውቅም። በ2020 ባወጡት ሪፖርት አብራሪውም ሳይመረዝ እንዳልቀረ ጻፉ። ስብርባሪው ከባሕር ስላልወጣ ጭሱ በየት በኩል እንደገባ በትክክል አልተለየም። አንድ ነገር ግን በግልጽ አስቀመጡ፤ ካቢኑ ውስጥ ጮኾ የሚያስጠነቅቅ የሞኖክሳይድ መለኪያ አልነበረም።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድም እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 2020 የደረሱ፣ በዚህ መርዝ ምክንያት ናቸው ያላቸውን 31 አደጋዎች ቆጥሮ ነበር። 42 ሰው ሞቷል። ከ31ዱ አውሮፕላኖች መለኪያ የተገኘው በአንዷ ብቻ ነው፣ እሱም አብራሪውን በድምፅ የሚያነቃ ዓይነት አልነበረም። ለኔ ከሟቾቹ ቁጥር እኩል የሚያስደነግጠኝ ይሄ ነው። መለኪያው እኮ ርካሽ ነው!

ወደ ብረቱ እንመለስ። ስቴንለስ አይዝግም፣ ታዲያ ለምን ይሰነጠቃል?

ከሲሊንደር የሚወጣው ጭስ እንደ ሞተሩ ጉልበት ከ650 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። አንድ ሜትር ስቴንለስ ቱቦ 700 ዲግሪ ሲሞቅ ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ ይረዝማል። ሞተሩ ሲጠፋ ተመልሶ ያጥራል። በየበረራው እንዲህ ይላል። ከዚህ ላይ ንዝረት ጨምሩበት፤ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 2,400 ጊዜ ሲዞር በእያንዳንዷ ሰከንድ 80 የጭስ ምት ቱቦው ላይ ያርፋል። ለዚህ ብለው መሐንዲሶቹ ቱቦዎቹን ድርቅ አድርገው አላሰሯቸውም። አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ገባ ወጣ እንዲል፣ ወይም እንደ ጉልበት መገጣጠሚያ ትንሽ እንዲታጠፍ ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህ መጋጠሚያ በጥላሸት ወይም በመወላገድ ከተጣበቀ፣ መንሸራተት የነበረበት ጉልበት ወደ ብየዳው ይሄዳል። ብየዳው ይሰነጠቃል። ስንጥቅ አግኝቶ ቱቦውን ብቻ የሚቀይርና የተጣበቀውን መጋጠሚያ የሚተው ሰው፣ አዲሱ ቱቦም እዚያው ቦታ ላይ ሲሰነጠቅበት "ዕቃው ፎርጅድ ነው" ይላል። ዕቃው ምን አደረገ።

ሌላው የሚገርመው የእርሳስ ነገር ነው። የምትጽፍበት ማለቴ ነው። የሚግል ስቴንለስ ላይ በተራ እርሳስ ምልክት ካደረግህ ጥቁሩ ካርቦን ሲሞቅ ብረቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ያ መስመር ይደርቅና በዚያው ይሰነጠቃል። ስንጥቅ አገኘሁ ብሎ ዙሪያውን በእርሳስ ያከበበ ቴክኒሻን ሁለተኛ ስንጥቅ ዘርቶ ሄደ ማለት ነው። ምልክት ካስፈለገ ጠመኔ ይበቃል። ዚንክም እንደዚያው ነው። ዚንክ የተለበጠ ሽቦ፣ ዚንክ የተለበጠ መፍቻ ከጭስ ማውጫው ጋር አይነካካም፤ በቀዝቃዛው ጊዜ የተጋባው ዚንክ ሲግል የብረቱን ውስጥ ያበላሸዋል። ጋራዥ ውስጥ ማርሚታን ለጊዜው የምናስርበት ያ ቆርቆሮ ማሰሪያ ሽቦ እዚህ ፈጽሞ አይሆንም።

አሁን ምርመራው። በየ100 ሰዓት በረራና በየዓመቱ በሚደረገው ምርመራ ኮፋኖው ይወልቃል፤ ሽታ፣ የጉልበት መቀነስ ወይም አዲስ ድምፅ ከተሰማ ግን ቀኑ አይጠበቅም።

የመጀመሪያው ደንብ፣ ሞተሩን ከማየትህ በፊት አታጥበው። ንጹሕ ሠራተኛ መስሎ ለመታየት ባልዲና ሳሙና ይዞ የሚቀድም ልጅ ሁሌም አይጠፋም። የሚያጥበው ግን ማስረጃውን ነው። ጭስ የሚያመልጥበት ቦታ አሻራ ይተዋል፤ የአውሮፕላን ቤንዚን አሁንም እርሳስ የሚባለው ብረት (ሊድ) ስላለበት አሻራው ብዙ ጊዜ አመድማ ነው፣ ድብልቁ ቤንዚን ከበዛበት ደግሞ ጥቁር ጥላሸት። ከስንጥቁ ጀምሮ እየሳሳ የሚሄድ ጭረት ሆኖ ይታያል። ጭረቱን ወደ ኋላ ተከትለህ ምንጩን ታገኛለህ። ከታጠበ በኋላ ግን ባዶ ስቴንለስ ላይ የፀጉር ስንጥቅ ፈልግ ብሎ ሰውን ማስለፋት ነው።

አንድ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ማርሚታው ከውጭ እንደተወለወለ ነበር። የሙቀት ሽፋኑ ላይ ያሉትን ብሎኖች ፈታን፣ ሽፋኑን ለሁለት ከፈልነው፣ ውስጠኛው ፊቱ ላይ የአውራ ጣት ስፋት ያላት አመድማ ነገር ተቀብታለች። በእጅ ስትነካ እንደ ዱቄት ትለቃለች። ከእሷ ትይዩ ማርሚታው ላይ በመስታወትና በባትሪ ስንፈልግ፣ ከሲሊንደሮቹ የሚመጣው ቱቦ ማርሚታው ጋ የተበየደበት ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ አለች። ብርሃኑን ፊት ለፊት ስታበራባት ትጠፋለች፣ ከጎን ስታጋድልባት ብቻ ጥላ ትሠራለች። አብራሪውን፣ "ሰሞኑን የተለየ ነገር ተሰምቶህ ነበር?" ስንለው ትንሽ አሰበና፣ "ራሴን ያመኝ ነበር፣ ግን ቡና ሳልጠጣ ስለምወጣ ነው ብዬ ነው" አለን። እኛ አገር የራስ ምታት ሁሉ ምክንያቱ ቡና ነው። ይሄ ሰበብ ስንቱን ሸፍኖ እንደሚያልፍ እንጃ።

እዚህ ላይ ነው ሽፋኑን የማውለቅ ነገር ዋናው ሥራ የሚሆነው። የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር የጥገና መመሪያ፣ ከማርሚታና ከሙቀት መለዋወጫ ብልሽቶች ግማሽ ያህሉ የሚገኙት አየር የሚሞቅበት ገጽ ላይ በሚፈጠሩ ስንጥቆች ነው ይላል። እንግዲህ በጣም የሚሰነጠቀው ቦታና ሽፋን የለበሰው ቦታ አንድ ነው። ሽፋኑን ሳይፈቱ "ጭስ ማውጫው ታይቷል፣ ደህና ነው" ብሎ መፈረም፣ ላልታየ ነገር መፈረም ነው። ብሎኖቹ በሙቀት ተነክሰው አስቸጋሪ ስለሚሆኑ መስነፍ ያለ ነገር ነው፣ ይገባኛል፣ ግን አይሆንም።

ከዚያ ከላይ ጀምረህ ወደ ታች ትወርዳለህ። ቱቦው ከሲሊንደሩ ጋር የሚጋጠምበት ጋስኬት ጭስ ካሳለፈ ዙሪያው ይነጣል። ይህን ጋስኬት ችላ ያለ ሰው የሚከፍለው የጋስኬት ዋጋ አይደለም፤ ትኩሱ ጭስ የአሉሚኒየሙን ቴስታታ (የሲሊንደሩን ራስ) ጠርዝ እየበላ ይሄድና ሲሊንደሩን ከነነፍሱ ያስቀይራል። ያገለገለ ጋስኬት አይመለስም። ዳዶዎቹ አምራቹ በሰጠው ልክ በቶርክ መፍቻ ይጠበቃሉ፣ "እጄ ያውቀዋል" እዚህ አይሠራም። ቱቦዎቹ በተለይ ብየዳና ፋሼታ (ማጥበቂያ ቀለበት) ያለባቸው ቦታዎች ላይ ይታያሉ፤ ፋሼታው ስር የተደበቀ ስንጥቅ ብዙ ነው። ጭራው፣ ጭሱ ወደ ውጭ የሚወጣበት የመጨረሻው ቱቦ፣ ኮፋኖውን መንካት የለበትም፣ ክፍተቱ ዙሪያውን መታየት አለበት።

ቱቦ ከማርሚታው በላይ ከተሰበረ ዋናው ጣጣ እሳት ነው፣ መርዙም አብሮት ይመጣል። ከ700 ዲግሪ በላይ የሆነ ጭስ እንደ ብየዳ ነበልባል ፊት ለፊቱ ያለውን ይመታል፤ ፊት ለፊቱ ደግሞ የነዳጅ መስመር፣ የዘይት ቱቦ፣ ሽቦ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ኮፋኖው ውስጥ ቀለሙ የተቃጠለ፣ የተላላጠ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ካየህ እሱን ከመቀየርህ በፊት ማን እንዳቃጠለው ፈልግ።

የማርሚታው ሆድም ይታያል። ውስጡ ድምፅ የሚሰብሩ፣ የተበሳሱ ላሜራዎች አሉ። እነዚህ በጊዜ ብዛት ይቃጠላሉ፣ ይቆረሳሉ፣ ቁራጩ ሄዶ መውጫውን ሊዘጋው ይችላል። ጭስ ያልወጣለት ሞተር ጉልበት ያጣል፣ በረራ ላይ ሆኖ። ክፋቱ ቁራጩ ሲንከባለል አንዴ ይዘጋል አንዴ ይከፍታል፣ መሬት ላይ ስትሞክረው ሞተሩ ደህና ነው፣ አብራሪው ውሸታም ይመስላል። በጭራው በኩል ባትሪ አብርተህ ወይም ቀጭን ካሜራ አስገብተህ እያት። ከዚያ በጎማ መዶሻ ቀስ ብለህ ኳ አድርጋት። ገበያ ላይ እንስራ የምትገዛ ሴት በጣቷ መትታ ድምፁን እንደምትሰማው ነው፤ ደህናው ይጮኻል፣ የነቃው ይደፈናል። ከውስጥ የሚንኳኳ ከተሰማ ላሜራው ወድቋል።

ዓይን ያመለጠውን ደግሞ አየርና ሳሙና ያወጣዋል። ቫኪዩም ክሊነርን በሚነፋው በኩል ጭራው ላይ ትገጥመዋለህ፣ ክፍተቱን በጨርቅ ታሽጋለህ፣ ቱቦውን በሙሉ የሳሙና ውሃ ትቀባለህ። ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፣ ይሄ ሳይነገርም ይታወቃል። ገባ ወጣ የሚሉት መጋጠሚያዎች ላይ ትንሽ አረፋ ቢታይ አያስደነግጥም፣ ሲሞቁ ነው የሚጠብቁት። ማርሚታው ገላ ላይ፣ ሽፋኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ግን አንዲት አረፋ እንኳ አትፈቀድም። የዚህ ዘዴ ጥሩነቱ ውድ መሣሪያ አለመፈለጉ ነው፣ ጋራዥ ውስጥ ጎማ በውሃ ገንዳ የሚፈትሽ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ታዲያ ስንጥቁ ተገኘ። አሁን የአጎቴ ጥያቄ ይመጣል፣ ለምን አንበይደውም?

መበየድ የተከለከለ ነገር ሆኖ አይደለም። ግን ማን፣ በምን፣ የት? ብረቱ የትኛው ዓይነት ስቴንለስ እንደሆነ በዓይን አይለይም፤ አንዳንዱ ኢንኮኔል የሚባል የኒኬል ቅይጥ ነው። ብየዳው በአርገን ጋዝ ነው፣ ከውጭ ብቻ ሳይሆን ቱቦው ውስጥም አርገን መሞላት አለበት፣ አለዚያ ከውስጥ በኩል ብረቱ ተቃጥሎ ሻካራ ይሆናል፣ ከዚያው ነው ቀጣዩ ስንጥቅ የሚጀምረው። ለዓመታት የጋለ ላሜራ ደግሞ ከውስጥ ተበልቶ ሳስቷል፤ አንድ ቦታ ስትበይደው ስንጥቁ ብየዳው ጠርዝ ላይ ይዞርና ይቀጥላል። ቁራጭ መለጠፍ ጨርሶ አይታሰብም፣ የተለጠፈው ቦታ ሳይሞቅ ሌላው ስለሚሞቅ ጠርዙን ይቀደዋል። ለዚህ ነው መመሪያዎቹ መጠገንን ሳይሆን በአዲስ ወይም ፈቃድ ያለው ወርክሾፕ ባደሰው መቀየርን የሚመርጡት። የታደሰው ሲመጣ ወረቀቱ አብሮ ይመጣል፣ የገጠመው ፈቃድ ያለው ቴክኒሻን ፈርሞ መዝገብ ውስጥ ያስገባዋል፣ ሲቪል አቪዬሽን በመጣ ቀን የሚጠየቀውም እሱ ነው። ዋጋው ያማል፣ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣም አውሮፕላኗ ትቆማለች። አጎቴ ይህን ስነግረው፣ "እሱስ እውነት ነው፣ እኔ የበየድሁትን አልፈርምበትም" አለ። ሰውዬው ሐቀኛ ነው።

በጭሱ ጉልበት እየዞረ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር ስለሚገፋው ተርቦ ሁለት ነገር ብቻ። ተርቦ ያላቸው ሞተሮች ጭሳቸው ይበልጥ ይግላል፣ ጭራቸውም ከተርቦው ጋር በአንድ ቀለበት ፋሼታ ይያያዛል። ያ ፋሼታ በረራ ላይ ቢበጠስ ጭራው ይወድቃል፣ እሳቱ ወደ ሞተር ክፍሉ ይገባል። የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 በነጥብ ብየዳ የተሠሩት ፋሼታዎች ደህና ቢመስሉም በ500 ሰዓት በረራ እንዲጣሉ አስገዳጅ ትእዛዝ ያወጣው ለዚህ ነው።

የካርቡራቶሬ ሙቀትም ብዙ ጊዜ ከዚያው ሽፋን ስለሚመጣ፣ ማርሚታው ሲሰነጠቅ ጭሱ ወደ ካርቡራቶሬም ይሄዳል። አብራሪው በረዶ እንዳይዝበት ሙቀቱን ሲከፍት ሞተሩ የተቃጠለ አየር ይደርሰዋል፣ ይንገጫገጫል። ይህን "የካርቡራቶሬ ችግር" ብሎ ካርቡራቶሬ የሚፈታ ሰው ቀኑን ያባክናል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ ሙቀቱ ዝግ ነው ማለት ካቢኑ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ሞተሩንና ካቢኑን የሚለየው ግድግዳ ላይ ሽቦና ገመድ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ማሸጊያቸው ከደረቀ ጭስ ያስገባሉ። የበር ጎማ ሲያረጅም እንደዚሁ ነው።

አሁን ወደ አብራሪው። ብዙዎች ዳሽቦርዱ ላይ የሚለጥፉት ሞኖክሳይድ ሲያገኝ የሚጠቁር ካርድ አለ። ርካሽ ነው፣ ከምንም ይሻላል። ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ ብዙው ዓይነት ከአንድ እስከ ሦስት ወር ነው የሚሠራው፣ የተከፈተበት ቀን ላዩ ላይ መጻፍ አለበት። ዓመት የሞላው ካርድ የለጠፈች አውሮፕላን አይቼ አውቃለሁ፤ ጌጥ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ካርድ አይጮኽም። የደነዘዘ ሰው ካርድ አያይም። በባትሪ የሚሠራው፣ በቁጥር የሚያሳየውና የሚጮኸው ይሻላል፤ ገንዘብ ካለህ መጀመሪያ እሱን ግዛ።

መለኪያው ከጮኸ፣ ወይም ካርዱ ከጠቆረ፣ ወይም ራስህን ካመመህ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለህ፣ ከቀለለህ፣ ካቅለሸለሸህ፣ መጀመሪያ ሙቀቱን ዝጋ። የንጹሕ አየር መግቢያዎቹን በሙሉ ክፈት፣ መስኮት የሚከፈት ከሆነ ክፈተው፣ ይብረድህ። ኦክስጅን ከያዝህ አሁኑኑ ልበሰው። ለመቆጣጠሪያ ማማው ነገሩን ሳትደብቅ ተናገርና ቅርብ ያለው ቦታ ላይ ውረድ። "ባሕር ዳር እኮ ቀርቧል፣ ልድረስ" የሚባለው ሒሳብ የሚሠራው ጤነኛ ጭንቅላት ሲኖር ነው፣ መርዙ መጀመሪያ የሚያበላሸው ደግሞ ሒሳቡን ነው።

ከወረድህ በኋላ ነፋስ ላይ ቁጭ ብለህ "አሁን ተሻለኝ" ብለህ አትመለስ። ሆስፒታል ሄደህ ጭስ ስበህ እንደነበር በግልጽ ንገራቸው፤ ካልነገርህ በድካም ወይም በምግብ ነው ብለው ሊሸኙህ ይችላሉ። ጣት ላይ የምትሰካዋን ኦክስጅን መለኪያም አትመናት፣ ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ከጤነኛው አትለየውም፤ የደም ምርመራ ነው የሚለየው፣ እሱም ቶሎ ሲደረግ ነው። ንጹሕ ኦክስጅን በጭምብል ሲሰጥህ ያ አራትና ስድስት ሰዓት የሚፈጀው ነገር ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል። አውሮፕላኗን በተመለከተ፣ መዝገቧ ላይ የሆነውን ጻፍ፣ ቁልፉን ለቴክኒሻኑ ስጥ፣ "ሙቀቱን ሳልከፍት ብቻ አዲስ አበባ ላድርሳት" የሚል ሐሳብ ከመጣም የሙቀት ሽፋኑ ወልቆ ስንጥቁ በዓይን እስኪታይ ድረስ አይሆንም ይባላል።